የጋለ ጎማ አታስተንፍስ

ጥያቄ፦ መኪናዬ ሃይሉክስ ደብል ካብ ነው። ከአፋሯ ሎጊያ የውሃ ፓምፕ፣ ጄኔሬተርና ቧንቧ ጭኜ አስፋልቱን እጨርስና ድንጋያማ መንገድ እገባለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት የኋላ ጎማ ፈንድቶብኛል፤ ሦስቱም ከጎናቸው ነው የሄዱት። የቀሩት ዳርና ዳራቸው አልቆ መሃላቸው ገና ጥርስ አለው። ጎሚስታው ካላማዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) አስገባልኝ፤ መንገድ ላይ ሲግልም አየር ይቀንስልኛል። ለውጥ የለም። ጎማው ላይ 265/65 አር 17፣ 112 ኤስ ይላል። ከባድ ጭነት የሚችል ምን ዓይነት ጎማ ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከጻፍከው ሁሉ የያዘኝ «ዳርና ዳራቸው አልቆ» ያልከው ነው። የአፋር ጥቁር ድንጋይ ጎማ እንደሚቆርጥ አውቃለሁ፤ ግን ድንጋይ የቆረጠው ጎማ ሁለቱም ዳሩ እኩል አያልቅም። እንዲህ የሚያልቀው አየር አንሶት ጭነት የበዛበት ጎማ ነው። ያ መንገድ ላይ አየር የሚቀንስልህ ሰው እረዳለሁ ብሎ ጎማህን እየጨረሰው ይመስለኛል።

ይህን ደጋግሜ ለሾፌሮች ስለምናገረው ትንሽ ላስረዳህ። ጭነቱን የሚሸከመው አየሩ ነው፤ ላስቲኩና ሽቦው አየሩን አፍነው ይይዛሉ እንጂ ብቻቸውን አንድ ቶን አይችሉም። ጎማው በዞረ ቁጥር መሬት የነካው በኩል ጎኑ ይጎብጣል፣ ሲነሳ ይቃናል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የአንተ ጎማ በደቂቃ ከ500 ጊዜ በላይ ይዞራል። ቀጭን ሽቦ ይዘህ ወዲያና ወዲህ ብታጣጥፈው መጀመሪያ ይግላል፣ ቀጥሎ ይበጠሳል፤ የጎማህም ጎን የሚሆነው እንደዚያው ነው። አየር ሲያንስ መጉበጡ ይብሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ጠዋት ቀዝቃዛውን 36 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሞልተህ ብትነሳ ቀን ላይ 44 ቢያሳይህ አትደንግጥ፣ የሚጠበቅ ነው። ያን ጊዜ አስተንፍሰህ ወደ 36 ብትመልሰው ማታ ሲቀዘቅዝ ወደ 29 ይወርድብሃል። በነጋታው ጭነህ የምትነሳው በዚያ በ29 ነው። ስለዚህ አየር የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነቃነቅ ነው። የጋለ ጎማ አይነካም።

ካላማዳሪውን አውጣው። የአንተ ጎማ ቱብለስ፣ ማለትም ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ ነው፤ ውስጡ ካላማዳሪ ሲገባ ሁለቱ እየተፋተጉ ሙቀት ይጨምራሉ። ቱብለስ ሚስማር ሲወጋው ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚተነፍሰው፣ ካላማዳሪ ግን በአንድ ጊዜ ይለቅብሃል። ጎኑ የተወጋ ጎማ ላይ የመድፈኛ ገመድ ሰክተው «ጨርሻለሁ» የሚሉትንም አትመናቸው። ጎን አይጠገንም።

አሁን አንዱን አሮጌ ጎማ ከቸርኬው አስፈታና ውስጡን በባትሪ እየው። ጥቁር የጎማ ብናኝ ካለ፣ ወይም በውስጠኛው ጎን ዙሪያውን የተሰነጣጠቀ የመታጠፊያ መስመር ካገኘህ ያ ጎማ አየር ሳይኖረው ሄዷል፤ ሽቦው ወይም ክሩ ተጎድቷል። እንዲህ ያለውን ፈጽሞ መልሰህ አትንፋ። ሲሞላ በጎኑ ይቀደድና ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው ይገድላል። ደህናውንም ስታስሞላ ቱቦው ረጅም ይሁን፣ ቫልቩ ላይ ራሱ የሚይዝ ይሁን፣ አንተም ረዳትህም ከጎማው ጎን ፊት ለፊት አትቁሙ።

ወደ ግዢው ልምጣ። 112 ማለት አንዱ ጎማ በሙሉ አየሩ 1,120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ሆኖም ከ265 በፊት «ኤልቲ» (LT፣ የቀላል ጭነት መኪና ጎማ) የሚል ከሌለበት ለሰው መጫኛ የተሠራ ጎማ ነው፤ አሜሪካኖቹ እንዲህ ያለው ጎማ ፒክአፕ ላይ ሲገጠም አቅሙን ለ1.1 አካፍሉ ይላሉ፣ ያን ጊዜ ወደ 1,018 ኪሎ ይወርዳል። አንተ የሚያስፈልግህ ኤልቲ 265/65 አር 17፣ ባለ 10 ፕላይ ነው፤ ይህ 10 የጥንካሬ ደረጃ ነው እንጂ የንብርብር ብዛት አይደለም። የጭነት ቁጥሩ 120 ቢሆን 1,400 ኪሎ ነው፤ ከ116 በታች እንዳትቀበል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ኤልቲ ገዝተህ በድሮው አየር ከነዳኸው ጭራሽ ይብስብሃል። ለምሳሌ ኤልቲ 245/75 አር 16 ባለ 10 ፕላይ በ80 ፒኤስአይ ወደ 1,380 ኪሎ ይችላል፤ በ50 ወደ 1,000፣ በ35 ግን ወደ 770 ይወርዳል። ጭነህ ስትሄድ የኋላውን ከ50 አታሳንስ፤ ባዶህን ስትመለስ 35 ይበቃል። ጭነህ አንድ ቀን ሚዛን ጣቢያ የኋላውን አክስል ብቻ አስመዝን፤ ግምት አይበቃም። ያረፈበትን ለሁለት አካፍለህ ሻጩ ከሚያሳይህ የአየር ሰንጠረዥ ጋር አስተያየው።

ጥርሱ ኦል ቴሬን፣ ማለትም ለአስፋልትም ለድንጋያማ መንገድም የሚሆን ይሁን። የጭቃው ጎማ ለጋምቤላ ክረምት ነው፤ ጋለብ እያልክ አስፋልት ላይ ስትነዳው ትልልቁ ጥርስ ይግላል፣ ድንጋይ ላይም ይቦጨቃል። ጎኑ ሦስት ፕላይ (እዚህ ላይ ንብርብር ማለት ነው) የሆነ ካገኘህ ብር ጨምረህ ውሰድ፤ የፕላዩ ብዛት ጎኑ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል።

ርካሽ ብለው የሚያመጡልህን ያገለገለ ጎማ ተወው። ጥርሱን በጋለ ቢላ ቀርጸው፣ ጥቁር ቀለም ቀብተው «አዲስ ነው» ይሉሃል፤ በቀረጹበት ቦታ እስከ ሽቦው የቀረው ላስቲክ ስስ ነው። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብብ። የተሠራበትን ጊዜ ይነግሩሃል፤ 2319 ከሆነ በፈረንጅ 2019፣ 23ኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ የ2011 ግንቦት መጨረሻ ገደማ። ለአፋር ሙቀት ከአምስት ዓመት ያለፈውን እኔ አልገጥምልህም።

አሸዋ ላይ ከተያዝክ ጎማው እስኪቀዘቅዝ ጠብቀህ ወደ 20 ማውረድ ትችላለህ፤ ግን ቀስ ብለህ ንዳ፣ ከአሸዋው እንደወጣህ እዚያው ሙላ። ለዚህ በባትሪ የሚሠራ ደህና ኮምፕሬሰር መኪናው ላይ ይኑርህ። ስትሞላም ከጎን ፊት ለፊት አትቁም ያልኩህን እንዳትረሳ።

አራቱንም በአንድ ጊዜ ቀይር፣ ስኮርታውንም ጨምር። ገንዘቡ ካልደረሰ የኋላዎቹን ሁለት አስቀድም፤ አሮጌው ስኮርታ ኋላ ላይ የገባ ዕለት ግን ጭነቱን ቀንሰህ በዝግታ ንዳ። አዲሶቹን ከገጠምክ በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደህ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቅ።