አናጺ ይጨመር ወይስ ድጋፍ?

ጥያቄ፦ የሳይት መሐንዲስ ነኝ። ሁለት ጂ+2 ቤቶችን ጎን ለጎን እየሠራን ነው። ያለን 6 አናጺዎችና ለአንድ ሶሌታ (የፎቅ ወለል) የሚበቃ ፎርምወርክ፣ ማለትም ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽና ከሥር የሚሸከመው ድጋፍ፣ ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት (የሥራ መርሐ ግብር ማውጫ ሶፍትዌር) ላይ የሁለቱም ሶሌታ በአንድ ሳምንት ስለዋለ አናጺዎቹ በቀይ 200 ፐርሰንት ሆነው ይታያሉ። ፎርማኑ ጠዋት አንዱ ጋ፣ ከሰዓት ሌላው ጋ ያመላልሳቸዋል፤ ሁለቱም ቤቶች ዘገዩ። አለቃዬ ሌላ 6 አናጺ ቅጠር ይሉኛል። ያዋጣል?

መልስ፦ አይቅጠሩ፤ መጀመሪያ ይቁጠሩ። ለ6 አናጺዎች አንድ ሶሌታ የ6 ቀን ሥራ ነው እንበል። ከዚያ ፌሮ 3 ቀን፣ የኤሌክትሪክና የውሃ ቱቦ 1 ቀን፣ በ11ኛው ቀን ሙሌት፣ ማለትም ኮንክሪት ማፍሰስ። አናጺው በ6ኛው ቀን ማታ እጁ ነጻ ሆኗል። ድጋፉ ግን አልተፈታም፦ የሶሌታው ከሙሌት በኋላ 14 ቀን፣ የቢሙ (ሶሌታውን የሚሸከመው አግዳሚ) 21 ቀን መቆም አለበት። እስከ 25ኛው፣ የቢሙ እስከ 32ኛው ቀን ታስሯል ማለት ነው። 12 አናጺ ቢያሰልፉም ለሁለተኛው ቤት የሚያቆሙት ነገር የላቸውም። የሚያስፈራን ደግሞ በዚህ ጥድፊያ ድጋፉ ያለቀኑ እንዳይነቀል ነው፤ ሶሌታው ባይወድቅ እንኳ ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል።

ለቅጥር ያሰቡትን ገንዘብ ለሁለተኛ ድጋፍ ኪራይ ያውሉት፤ የሁለተኛውን ቤት ሶሌታም በ6 ቀን ያዘግዩ። አናጺ ከ1–6 አንደኛው ቤት፣ ከ7–12 ሁለተኛው ቤት ይሆናል። ፌሮ ሠራተኛ ከ7–9፣ ከዚያ ከ13–15። ሙሌት በ11 እና በ17። ማንም ከማንም አይጋጭም። በ11ኛው ቀን ብቻ አንድ አናጺ አንደኛው ቤት ይዋል፤ ኮንክሪት ሲፈስ ከሥር ሆኖ የላላ ሽብልቅ የሚመታ ሰው የግድ ያስፈልጋል።

ሶፍትዌሩ ላይ ድጋፉንም እንደ ሠራተኛው ሁሉ ሪሶርስ (ለሥራው የሚመደብ ሰው ወይም ዕቃ) አድርገው ይመዝግቡት፤ «ድጋፍ ይቆማል» የሚል ሥራም ይክፈቱለት። ይህ ካልተደረገ ፕሮግራሙ እጥረቱን ከአናጺ ሌላ የሚያይበት መንገድ የለውም። ካላንደሩ ሲከፈት ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው፤ ቅዳሜንና በዓላትን ራስዎ ያስተካክሉ። ኮንክሪት ግን እሑድም ይጠነክራልና 14ቱን ቀን በተከታታይ ቀን ያስገቡ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለው የሥራ ቀን ካስገቡት ወደ ሦስት ሳምንት ይጠጋል፤ የኪራዩም ሂሳብ አብሮ ያድጋል።

ጥያቄ፦ 20 ሜትር ኩብ ሶሌታ በአንድ ሚክሰር በአንድ ቀን ያልቃል?

መልስ፦ አያልቅም። ለሲ-25 (የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ ነው) በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ቢይዙ 72 ኩንታል፣ ማለትም 144 ከረጢት ይሆናል። በአንድ ዙር አንድ ከረጢት ከገባ 144 ዙር ነው። ከመጫን እስከ መድፋት 5 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ምሳና ብልሽት ሳይቆጠር 12 ሰዓት ይወስዳል። በሁለት ሚክሰር 6 ሰዓት። ማታ ላይ አቁመው በማግስቱ ቢቀጥሉ አዲሱ ኮንክሪት ከደረቀው ጋር በደንብ አይያያዝም፤ ውሃ የሚያሰርገውም ያ መጋጠሚያ ነው። ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቀው ቫይብሬተርም ሁለት ይሁን፤ አንዱ ቢቆም ሙሌቱ እንዳይቆም። ለከረጢት 2 ሳጥን አሸዋና 3 ሳጥን ጠጠር (ሳጥኑ 50×40×20 ሳ.ሜ.) ከሆነ፣ 11.5 ሜትር ኩብ አሸዋና ከ17 ሜትር ኩብ በላይ ጠጠር ከዋዜማው ሳይት ላይ መራገፍ አለበት። ጠዋት ይመጣል የተባለ ገልባጭ መኪና ሲዘገይ ሁለቱም ሚክሰሮች ይቆማሉ።