ታጥቦ የተቀባ ሻሲ ያስፈራኛል

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለ አንድ ወንድማችን የቀለም ቅብ ስራ ጀምሯል። መሰላልና ባልዲ የሚጭንበት ፒክአፕ ይፈልጋል። ቡፋሎ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ የ2008 ሞዴል ቶዮታ ታኮማ አግኝቷል። ዋጋው እሱ ሰፈር ካሉት በሦስት ሺህ ዶላር ይቀንሳል። ሄዶ አይቶታል፣ ነድቶታልም። ሞተሩ ጸጥ ያለ ነው፣ አካሉ ያብረቀርቃል። ከስሩ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ሻጩ «ትንሽ ዝገት ነበረው፣ አጥቤ ቀባሁት» ብሎታል። የከነከኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ይላል። ትርፍ ጎማው አልወርድ ብሏል። የፍሬን ፔዳሉም ጠለቅ ይላል፤ ሻጩ «አየር ገብቶበት ነው» ይላል። «ጋሼ፣ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ ጠይቆኛል።

ወንድሜ፣ እኔ የምሰራው ሚኒሶታ ነው። የመንገድ ጨው የበላው መኪና ስር እየተኛሁ ስጠግን ብዙ ዓመት ሆነኝ። ገና «ክፍተቱ ከላይ ጠበብ ይላል» ስትል ሻሲው ነው አልኩ። ከጋቢናው ጀርባ ጀምሮ እስከ ኋላ ጎማው ድረስ ባለው ቦታ ተበልቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። ሻሲ ማለት ጋቢናውንና ካሶኒውን ከስር የሚሸከመው ረጅም ብረት ነው፤ ሁለት ጫፉ ድንጋይ ላይ ያረፈ አጣና በለው። መሃሉ ሲደክም ወደ ታች ይጎብጣል። ያን ጊዜ ጋቢናውና ካሶኒው ከላይ ይጠጋጋሉ፣ ከታች ይራራቃሉ። አዎ፣ የተጋጨ መኪናም እንዲህ ሊሆን ይችላል። የካሶኒው ቡሎን ላልቶም ይሆናል። ግን አዲሱ ጥቁር ቀለም፣ የማይወርደው ጎማና የሚጠልቀው ፔዳል ሲደመሩ ልቤ ወደ ዝገት ያደላል።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ያዝልኝ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር አትግባ። የዛገ ሻሲ ደግሞ ከሌላው ይብሳል። ክሪኩ ሻሲውን ራሱን በስቶ ይገባል፣ መኪናውም ደረትህ ላይ ይወርዳል። ፒክአፕ ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ አራቱም ጎማ መሬት ላይ እያለ ሸርተት ብለህ መግባት ትችላለህ። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማው ስር እንጨት ሻጥ፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት።

አሁን ስለ ጨው ላስረዳህ፤ ይሄ ካልገባህ የት እንደምትፈልግ አታውቅም። መኪናውን የሚበላው በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። ድሮ ቴፕ ውስጥ ተረስቶ የቆየ የባትሪ ድንጋይ ትዝ ይልሃል? ስትከፍተው ቆርቆሮው ተበልቶ፣ ውሃ አውጥቶ ታገኘዋለህ። ያ ቆርቆሮ ዚንክ ነው። ኤሌክትሪክ የሚሰጥህ ራሱ እየተበላ ነው። ብረት ላይ የጨው ውሃ ሲቀመጥም ልክ እንደዚያ ትንንሽ ባትሪዎች ይፈጠራሉ። በዚያው ብረት ላይ አንዱ ነጥብ ሰጪ፣ ሌላው ተቀባይ ይሆናል። ሰጪው ይበላል። ንጹህ ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያሳልፍ ስራው ይዘገያል። ጨው ሲገባበት ግን መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው።

ዝገቱ ደግሞ ከነበረው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ቅርፊቱ ሲወድቅ ከስሩ ያለው ትኩስ ብረት ይጋለጣል፣ እንደገና ይጀምራል። ሌላም አለ። ተራው ጨው ከ15 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሲሆን ይሰንፋል። ስለዚህ ብዙ ቦታ ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዚየም ክሎራይድ ይጨምሩበታል። እነዚህ እርጥበትን ከአየር ላይ ይስባሉ። መንገዱ ደርቆ፣ ፀሐይ ወጥቶ እንኳ ሻሲው ውስጥ የተጠራቀመው ጭቃ እርጥብ ነው። ብርዱ በጣም ሲጠና ዝገት ይዘገያል። ሞቅ ሲል ይፈጥናል። ጨው የለበሰ መኪና ሳይታጠብ ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ሲያድር ዝገቱ ሌሊቱን ሲሰራ ነው የሚያድረው። ለዚህ ነው «ሁሌም ጋራዥ ውስጥ የሚያድር» የሚል ማስታወቂያ ልቤን የማያሞቀው።

እንግዲህ ዝገቱን ጭቃ የሚተኛበት ቦታ ፈልገው። የታኮማው ሻሲ ከፊት በኩል እንደ ሳጥን የተዘጋ ነው፣ ወደ ኋላ ክፍት ይሆናል። የተዘጋው ክፍል ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል፤ ውጭው ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። መዶሻ፣ ጠንካራ ካቻቪቴ፣ የእጅ ባትሪና የዓይን መከላከያ መነጽር ይዘህ ሂድ። መነጽሩን እንዳትረሳ፣ የዝገት ቅርፊት ዓይን ውስጥ ሲገባ ክፉ ነው። ሻሲውን ከጋቢናው ስር ጀምረህ ወደ ኋላ በየጣት ርቀቱ መታ መታ አድርገው። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፣ መዶሻውም ይነጥርልሃል። የተበላው ድፍን ያለ ድምጽ ይሰጣል፣ እንደ እርጥብ ካርቶን። ድምጹ የተለወጠበት ቦታ ላይ ካቻቪቴውን ተጭነህ ግፋ። ባሌስትራው የሚታሰርበት የፊት ማሰሪያ አካባቢ፣ ከኋላ አክስሉ በላይና የትርፍ ጎማው ማንጠልጠያ ያለበት አግዳሚ ላይ በተለይ ጊዜ ውሰድ። የሻሲውን ውስጠኛ ጎን አትርሳ። ሻጭ ሲቀባ የሚታየውን ጎን ነው የሚቀባው። ሻሲው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በስልክህ ካሜራ መብራት አብርተህ ወደ ውስጥ ቅረጽ። ከውስጥ የተነባበረ ቅርፊት ካየህ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም።

ስለ ጥቁሩ ቀለም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በርካሽ ጣሳ የሚሸጠውን የጎማ ዓይነት ቅብ ዝገት ላይ መርጨት ቁስልን ሳያጥቡ በፕላስተር መሸፈን ነው። እርጥበቱን ከውስጥ ይቆልፍበታል። ዝገት የሚያዘገየው ቅባትነት ያለው፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ዓይነቱ ነው፤ እሱ ደግሞ አያምርም፣ ለሽያጭም አይቀባም። ባለፈው ዓመት አንዱ ደንበኛዬ እንዲህ ያለ ፒክአፕ ገዝቶ መጣ። ከስሩ ሲታይ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ከግራው ጎማ በላይ መታ ሳደርገው ዱብ አለ። ካቻቪቴው እስከ እጀታው ገባ። ሳወጣው የቤት ግድግዳ የሚደፈንበት ቢጫ ፎም ተከትሎት ወጣ። በላዩ ፋይበርግላስ፣ ከዚያ ስቱኮ፣ ከዚያ ቀለም። ከውስጡ አንድ ሲኒ የሚሞላ እርጥብ ዝገት ፈሰሰ። ሰውየው ሁለት ልጆቹን ጭኖ ነበር በሃይዌይ የመጣው። ይሄን ያደረገውን ሰው ይቅር ማለት ይከብደኛል።

ፍሬኑን አቅልለህ አትየው። «አየር ነው» የሚለውን እኔ አልቀበልም። አየሩ በየት ገባ? የፍሬን ቱቦዎቹ ከእርሳስ የቀጠኑ ብረቶች ናቸው፣ ሻሲውን ተከትለው ነው የሚሄዱት። ሻሲውን የበላ ጨው እነሱን አይምራቸውም። ሞተሩን አስነስተህ መኪናው ቆሞ ሳለ ፔዳሉን አጥብቀህ ለአንድ ደቂቃ ያዝ። ቀስ እያለ ወደ ታች ከሄደ ወይ ቱቦው ያፈሳል፣ ወይ ዋናው የፍሬን ፓምፕ ደክሟል። እንደዚያ ከሆነ አትንዳው። ቱቦው መሃል ላይ በኮምፕሬሽን ማያያዣ (በዳዶ ተጠብቆ ብቻ በሚይዝ መቀጠያ) የተቀጠለ ካየህም ያ ለፍሬን የማይሆን፣ የሰነፍ ስራ ነው። ትክክለኛው ቱቦ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ሆኖ ጫፉ ደብል ፍሌር የተሰራው፣ ማለትም ሁለቴ ታጥፎ እንደ መለከት አፍ የተከፈተው ነው።

ትርፍ ጎማው ማንሻው ስለዛገ ነው የማይወርደው። በራሱ ትልቅ ጉዳት አይደለም፤ ግን አጠገቡ ያለው አግዳሚ ምን እንደሚመስል ይነግርሃል። አካሉን በማግኔት ፈትሸው። ከኋላ ጎማው በላይ ያለው ላሜራ ወይም የጋቢናው ታችኛ ጥግ ማግኔቱን ካልያዘ ስቱኮ ነው። አክስሉ፣ ማርሚታውና ቡሎኖቹ ላይ ያለው ቡናማ ዝገት ግን የተለመደ ነው፣ አያስደንግጥህ።

ይሄ ሞዴል ታሪክ አለው። ቶዮታ ከ2005 እስከ 2010 ባሉት ታኮማዎች ሻሲ ዝገት ተከስሶ በ2016 ስምምነት ላይ ደርሷል። ወጪው እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ተገምቶ ነበር። 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቀዳዳ ያለው ሻሲ በነጻ ይቀየር ነበር። ያንተ ሞዴል እዚያ ውስጥ ነበረ፤ ጊዜው ግን አልፏል። ስለዚህ የሻሲ ቁጥሩን ይዘህ ማንኛውም የቶዮታ ዲለር ዘንድ ደውልና ሻሲው ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቅ። ተቀይሮ ከሆነ ግምቴን እንደገና አስበዋለሁ፣ ክፍተቱም በመገጣጠሙ ጊዜ የመጣ ሊሆን ይችላል። ካልተቀየረ ቡፋሎ ውስጥ ብዙ የጨው ወራት ያሳለፈው ያው የድሮው ብረት ነው። ካርፋክስ (የመኪናው የታሪክ ሪፖርት) ንጹህ ነው ብለህ አትጽናና፤ ካርፋክስ ግጭትና ባለቤት ነው የሚነግርህ፣ ዝገት አይነግርህም።

ሻጩን «ጋራዥ ወስጄ ሊፍት ላይ ላስወጣው፣ ክፍያው በእኔ» በለው። እምቢ ካለ ተወው። ሊፍት ላይ ወጥቶ አንድ ቦታ እንኳ ካቻቪቴ ከገባ፣ አሁንም ተወው። ሻሲ መቀየር የቆጠብከውን ሦስት ሺህ ዶላር አልፎ ይሄዳል። ደግሞም ሜሪላንድ ያገለገለ መኪና በስምህ ስታዞር የሴፍቲ ኢንስፔክሽን (የደህንነት ምርመራ) ትጠየቃለህ። እዚያ ቢወድቅ ያ ሁሉ መንገድ ተነድቶ የመጣ ብረት ግቢህ ውስጥ ቆሞ ይቀራል።

ሊፍት ካጣህና ራስህ ማየት ግድ ከሆነብህ፣ እባክህ፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር አትግባ። ጃክ ስታንድ (የተነሳ መኪና ደግፎ የሚይዝ ባለ እግር ብረት) ቢኖርህ እንኳ ይሄን ሻሲ አትመነው፤ ስታንዱን አክስሉ ስር አድርገው። ዲለሩ የነገረህን፣ ከግራ የኋላ ጎማ በላይ ያለውን የሻሲ ውስጠኛ ጎን ፎቶና ካሜራው ከውስጥ የቀረጸውን ላክልኝ። ገንዘቡን እኔ ሳላየው እንዳትከፍል።