ጥያቄና መልስ፦ ሥር ሲበሰብስ ማይኮራይዛ ያድናል?

በዚህ ሳምንት ከዛፍ ሥር ጋር ተስማምተው ስለሚኖሩት ጠቃሚ ፈንገሶች፣ ስለ ማይኮራይዛ፣ የጠየቃችሁኝን ልመልስ።

«ዎልነት ዛፌ ቅጠሉ ሳስቶ ቢጫ ሆኗል። ግርጌው ላይ ልጡን ስልጠው ውስጡ ጠቁሯል። ማይኮራይዛ ልግዛለት?» (ከካሊፎርኒያ)

ወንድሜ፣ ለዚህኛው ዛፍ አይግዙ። ማይኮራይዛ የሚጠቅመው ጤነኛ ሥር ላይ ቀድሞ ከሰፈረ ነው። የነገሩኝ ምልክት ፋይቶፍቶራን ይመስላል። ውሃ በጠገበ አፈር ውስጥ እየዋኘ ሥር የሚያጠቃ ተሕዋስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን ያስተካክሉ። የመስኖው ውሃ ግንዱን የሚመታ ከሆነ አቅጣጫውን ያዙሩት። ግርጌው ላይ የተከመረ አፈር ካለም ይግፈፉለት።

«ቼስትነት ልተክል ነው። ሱቅ ያለው ማይኮራይዛ ሁሉ ያው ነው?» (ከአትላንታ)

አይደለም! ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው። ቼስትነትና ፒካን የሚፈልጉት ኤክቶማይኮራይዛ ነው፤ ቀጫጭን ሥሮችን ከላይ እንደ ካልሲ ያለብሳቸዋል። ዎልነት፣ አልመንድና ካሹ ግን ሥራቸው ውስጥ ከሚገባው አርባስኩላር ጋር ነው የሚስማሙት። ማካዳሚያ ከሁለቱም ብዙም አይጠቀም። ስለዚህ ማሸጊያውን ያንብቡ። የተጻፈው ግሎመስ (የአርባስኩላር ዓይነት) ብቻ ከሆነ ለቼስትነት አይሆንም፤ ፒሶሊተስ ወይም ስክሌሮደርማ የሚባሉትን የኤክቶማይኮራይዛ ፈንገሶች ይፈልጉ።

በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዶናልድ ማርክስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህ የኤክቶማይኮራይዛ ሽፋን የጥድን ሥር ሲናሞሚ ከሚባለው የፋይቶፍቶራ ዝርያ እንደሚከላከል አሳይቷል። በእናንተ አካባቢ ቼስትነትን የሚገድለውም ይኸው ሲናሞሚ ነው። ግን ሽፋን ያላገኘ ሥር ይጠቃል። ሲተክሉ የማይኮራይዛውን ዱቄት ሥሩ ላይ በቀጥታ ይነስንሱት። ከላይ አፈር ላይ መበተን ከንቱ ድካም ነው።

«አቮካዶ ስተክል ጉድጓዱ ውስጥ ዳፕ (ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ) እጨምራለሁ። ፈንገሱን ይጎዳዋል?» (ከይርጋለም)

አዎ እህቴ፣ በተለይ ሲበዛ። ዛፉ ፎስፈረስ እንደ ልብ ካገኘ ፈንገሱን አያስጠጋም። በደንብ የተብላላ ኮምፖስት ይሻላል። አቮካዶንም የሚገድለው ሲናሞሚ ስለሆነ፣ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ከሆነ አፈሩን ከፍ አድርገው ቆልለው ጉብታው ላይ ይትከሉ።

«ማይኮራይዛውን ለማግኘት ከጫካ አፈር ባመጣስ?» (ከባሕር ዳር)

ይቅርብዎ፤ በሽታውም አብሮ ሊመጣ ይችላል። አቮካዶ ከሆነ የተከሉት፣ በዛፎቹ መሃል ባቄላ ወይም በቆሎ ይዝሩ፤ ለአቮካዶ የሚስማማው አርባስኩላር በእነሱም ሥር ይራባል። ጎመን ግን አያስተናግደውም።