ግራፊክ ዲዛይን ልትማሩ ነው? ከመመዝገባችሁ በፊት

ባለፈው ሰሞን ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ስጠጣ አንድ አባት አገኘሁ። ልጃቸው ግራፊክ ዲዛይን ልማር ብላለች። «አርት ኢንስቲትዩት ጥሩ ነው ይሉኛል፤ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላምም እዚያ ነው አሉ የተማሩት» አሉኝ።

ስሙ ነው ያምታታቸው። አለ ፈለገ ሰላም የተማሩት ቺካጎ ባለው የአርት ኢንስቲትዩት ትምህርት ቤት ነው። አገራቸው ተመልሰው ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረቱ። የቺካጎው ዛሬም አለ፤ ግን ውድ ነው። በየከተማው ቅርንጫፍ የነበረው «አርት ኢንስቲትዩት» ሌላ ነው። የቀሩትን 8 ቅርንጫፎች በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ዘጋ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2024፣ የአሜሪካ መንግሥት «ስለ ሥራና ደሞዝ ተማሪዎቹን አሳስቷል» ብሎ የ317,000 ሰዎችን 6.1 ቢሊዮን ዶላር ብድር ሰረዘ። ብድሩ ይሰረዝ፤ የባከነውን ጊዜ ግን ማን ይመልሳል?

ስለዚህ ማስታወቂያውን ተዉትና «ኮሌጅ ስኮርካርድ» የሚባለውን የመንግሥት ድረ ገጽ ክፈቱ። ነፃ ነው። ተመራቂው ስንት እዳ ይዞ እንደሚወጣና ስንት እንደሚያገኝ ያሳያል።

እኔ የጀመርኩት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለት የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ነው፤ አሁንም የምመክረው እሱኑ ነው። ቨርጂኒያ አዲስ የገባችሁ ግን ልብ በሉ። ለነዋሪ የሚጠየቀውን ዝቅተኛ የትምህርት ክፍያ ለማግኘት ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር ያስፈልጋል። ሌላም አለ፤ ይሄኛው በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ሁለት ዓመት ተምሬ ወደ አራት ዓመቱ ስሻገር ግማሽ ያህሉን ክሬዲቴን አልቀበልም አሉኝ። ለካ ዲግሪዬ «አፕላይድ ሳይንስ» የሚባለው ነበር። እሱ በቀጥታ ሥራ ለሚገባ ሰው የተሰናዳ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እናንተ ገና ሳትመዘገቡ ወደፊት የምትሄዱበትን ዩኒቨርሲቲ የትኛውን ኮርስ እንደሚቀበል በጽሑፍ እንዲመልስላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ በጸደይ ወራት የተመራቂዎቹን ኤግዚቢሽን ሄዳችሁ እዩ። የሁሉም ሥራ አንድ ዓይነት ከሆነ መምህሩ ነው የሠራው በሉ። ታይፖግራፊ፣ ማለት የፊደል አደራደር፣ ስንት ኮርስ እንዳለው ጠይቁ። ትምህርቱ ፎቶሾፕና ኢላስትሬተር የሚባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ብቻ ከሆነ ዩቲዩብም ያስተምራችኋል። ዩቲዩብ የማይሰጣችሁ ክሪቲክ ነው። ሥራችሁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ክፍሉ በሙሉ ይተቸዋል። እኛ ሰው ፊት «አያምርም» መባባል ይከብደናል፤ መጀመሪያ ቀን እንባዬ መጥቶ ነበር። ቢሆንም ያለ እሱ ፖርትፎሊዮ፣ ማለት ለቀጣሪ የሚታይ የሥራ ስብስብ፣ አይወጣም፤ ቀጣሪ ደግሞ ከዲግሪው በፊት የሚያየው ፖርትፎሊዮውን ነው።

እዚያ ውስጥ ፊደላችንን አስገቡ። መምህሩ ባያነበውም ችግር የለም። እኛ ትልቅና ትንሽ የሚባል ፊደል ስለሌለን ርዕስን በካፒታል ማጉላት አይቻልም። በመጠን፣ በውፍረትና በክፍት ቦታ መጨነቅ ግድ ነው። የአንዳንድ ምግብ ቤቶቻችንን ታፔላ አይታችኋል? ፊደሉ እንደ ጎማ ተለጥጦ!

እኔ ተማሪ ሳለሁ ለአንድ ዘመዴ ምግብ ቤት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሜኑ ሠርቼ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁበት ቃለ መጠይቅ ላይ ከሌላው ሥራዬ ይልቅ ያፋጠጡኝ ስለዚያ ሜኑ ነው። ዘመዴ እስካሁን የሚከፍለኝ በክትፎ ነው።