ሲመሽ የሚያሳይ ባይኖኩላር እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄው አራት ኪሎ አካባቢ ከሚሠሩ አስጎብኚ ነው፦ «እንግዶች ይዤ ባሌ፣ ዲንሾ ድረስ እሄዳለሁ። ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ በደንብ የሚታዩት ማለዳና አመሻሽ ላይ ነው። ባይኖኩላሬ 20×50 ነው። ቀን ጥሩ ያሳያል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን እንስሳውን ከቁጥቋጦው መለየት ያቅተኛል። ከዚህ የበለጠ የሚያቀርብ ልግዛ?»

አይግዙ። የበለጠ የሚያቀርብ ከገዙ ይብሱን ይጨልምብዎታል።

በዕቃው ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች የመጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ሲያካፍሉ ወደ ዓይንዎ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይወጣል። የእርስዎ 50 ለ20፣ 2.5 ሚሊሜትር ነው። ቀን የዓይን ብሌን ራሱ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ድረስ ስለሚጠብ ጉድለቱ አይታወቅም። ሲመሽ ግን ብሌኑ ይሰፋል፤ በወጣት እስከ 7፣ ዕድሜው 50 ገደማ በሆነ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደ 5 ሚሊሜትር። 5 ሚሊሜትር ለተከፈተ ብሌን 2.5 ሚሊሜትር የብርሃን ክብ የሚሰጠው ሩቡን ብርሃን ብቻ ነው። የጨለመብዎት በዚህ ምክንያት ነው።

ለእርስዎ ሥራ የሚሆነው 8×42 ነው። ክቡ 5.25 ሚሊሜትር ስለሆነ ሲመሽ ምስሉ አሁን ካለዎት 4 እጥፍ ያህል ይደምቃል። 10×42 ክቡ 4.2 ነው፤ ትንሽ ይደበዝዛል፣ የቀንዱን ጥምዝ ግን ከሩቅ በተሻለ ያሳያል። እጅዎ የማይንቀጠቀጥ ከሆነ ወይም የመኪናው መስኮት ላይ አስደግፈው የሚያዩ ከሆነ አይከፋም፤ ሞተሩን ማጥፋት አይርሱ። 8×56 እጅግ ብሩህ ነው፣ ነገር ግን ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ኪሎ ያልፋል፤ ብሌናቸው 5 ሚሊሜትር ብቻ ለሚከፈት እንግዶችም ትርፉ ብርሃን ይባክናል። የማቅረቢያ መጠኑ የሚቀያየረውን፣ ዙም የሚባለውን፣ ለምሽት ጨርሶ አልመክርም።

ሁለት 8×42ዎች ግን እኩል አይደሉም። ምንም ሽፋን ያልተቀባ እያንዳንዱ የሌንስ ገጽ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል። ብርሃኑ 12 ገጽ ካለፈ የሚተርፈው 61 በመቶ ገደማ ነው። ሁሉም ገጽ በደንብ ከተሸፈነ ከ90 በመቶ በላይ ያልፋል። ስለዚህ «ፉሊ መልቲ ኮትድ» (Fully Multi-Coated፣ ሁሉም ገጽ በድርብርብ ሽፋን ተቀብቷል ማለት ነው) የሚለውን ጽሑፍ ይፈልጉ፤ «ኮትድ» ብቻ ካለ አንድ ሁለት ገጽ ብቻ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። ፊቱ እንደ እሳት ቀይ የሚያንጸባርቀውን ይተዉት፤ ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ እየመለሰ ነው። «ደይ ኤንድ ናይት» የሚለው ጽሑፍም በጨለማ ያሳያል ማለት አይደለም።

ገንዘብዎ ውስን ከሆነ ቀጥ ያለ ቱቦ ካለው ይልቅ ትከሻው ሰፋ ያለውን፣ የድሮውን ቅርጽ ይምረጡ። ቀጥ ያሉት አብዛኞቹ ላይ፣ ምስሉን የሚያቃናው የውስጥ ብርጭቆ (ፕሪዝም) አንዱ ገጽ እንደ መስታወት መቀባት አለበት፤ በርካሹ ዕቃ ላይ ይህ ቅብ ብርሃን ይበላል። የድሮው ቅርጽ ቅቡን አይፈልግም። በተመሳሳይ ዋጋ የተሻለ ምስል ይሰጣል፤ ጉድለቱ ሲወድቅ ቶሎ መዛነፉና ውኃ በቀላሉ ማስገባቱ ነው።

ሱቅ ሲሄዱ ማስመሪያ ይያዙ፣ የሚሄዱትም ወደ 11 ሰዓት ይሁን። ባይኖኩላሩን ክንድዎን ዘርግተው ወደ ነጭ ግድግዳ ያዙትና በዓይን ሌንሱ ላይ የሚታየውን ክብ ይለኩ። 8×42 ተብሎ ክቡ 4 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ውስጡ ጠቧል፤ ቁጥሩ ውሸት ነው። ክቡ ጎን ጎኑ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰለ የፕሪዝሙ መስታወት ርካሽ ነው። ቀጥሎ የስልክ መብራት ከፊት አስገብተው በሌላው ጫፍ ይዩ፦ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ሻጋታ ነው፤ ያገለገለ ዕቃ ላይ ይበዛል፣ ሽፋኑን ስለሚበላ ቢጸዳም ጠባሳው አይለቅም። በመጨረሻ ሩቅ ያለ አግድም የመብራት ሽቦ ላይ ያነጣጥሩና ዕቃውን ከዓይንዎ ቀስ እያሉ ያርቁ። ሽቦው በግራና በቀኝ እኩል ከፍታ ላይ ካልታየ ፕሪዝሙ ተዛንፏል፤ ለግማሽ ሰዓት ቢያዩበት ራስ ያሳምማል። አደራ፣ ይህን ሲሞክሩ ወደ ቤተ መንግሥትም ሆነ ወደ ጥበቃ ያለበት ግቢ አያነጣጥሩ። ከውጭ በሰው ለማስመጣት ካሰቡም አስቀድመው ጉምሩክን ስለ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ያለ ፈቃድ የመጣ ቦሌ ላይ ሊያዝ ይችላል።

ጥሩ ዕቃ ገዝተውም ለዓይንዎ ካላስተካከሉት ሲመሽ ይደበዝዛል። ገና ብርሃን ሳለ የቀኙን የፊት ሌንስ በእጅዎ ይሸፍኑና በመሐሉ መዘውር የግራውን ያጥሩ። ከዚያ የግራውን ሸፍነው፣ መዘውሩን ሳይነኩ፣ ቀኝ ዓይን ላይ ባለው ቀለበት የቀኙን ያጥሩ። ቀለበቱ የቆመበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ እንግዳ ካዞረው በኋላ በጨለማ መፈለግ የለብዎትም። በአገራችን ፀሐይ ጠልቃ እስኪጨልም ያለው ጊዜ 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ እሱ በማስተካከል ማለቅ የለበትም።

ጋይሳይ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቅዝቃዜው ይበረታል። ናይትሮጅን የተሞላ ዕቃ ከውስጥ አይጨግግም፤ የዓይን ሌንሱ ግን በትንፋሽ ይጨግጋል። ጭጋጉን በጋቢ ወይም በሸሚዝ አይጥረጉት፤ በላዩ ያለው አሸዋ ሽፋኑን ይቧጭራል። መጀመሪያ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፣ ከዚያ በንጹሕ የሌንስ ጨርቅ። በክረምት በቆዳ ማኅደር ዘግተው አያስቀምጡት።

የያዙትን 20×50 አይጣሉት። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ከታሰረ ቀን ቀን ገደል ላይ ያለ ነገር ለማየት ይጠቅማል።