ላይ 624፣ ታች 618

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? መስታወት ቤት ተቀጥራችሁ፣ ሜትር ኪሳችሁ ከታችሁ ከደንበኛ ደንበኛ የምትሮጡትን ማለቴ ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካዛንቺስ መስታወት ስቆርጥና ስገጥም ነው። መቁረጡ ብዙም አያሳስበኝም። እጃችሁ ለጥቂት ሳምንት ይንቀጠቀጥና ይለምዳል። ሰው የሚከስረው ልኬት ላይ ነው።

የመጀመሪያ ኪሳራዬን ልንገራችሁ። ፒያሳ፣ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ቤት ነው። አምስት የእንጨት መስኮቶች አሉት። የአንዱን ላዩን ብቻ ለካሁ፤ 624 ሚሊ። አምስቱም አንድ ይመስላሉ፤ ምን አደከመኝ ብዬ በአንዱ ልክ አምስቱንም ቆረጥኩ። ስገጥም አንዱ ብቻ ገባ። የቀሩት ታች ላይ ጠበው 618 ነበሩ። ስድስት ሚሊ ከዳር እቀንሳለሁ ብዬ ስታገል ሁለቱ እጄ ላይ ተሰበሩ። ቀጭን ጠርዝ መላጥ ለባለሙያም ፈተና ነው፤ እኔ ደግሞ ገና ጀማሪ ነበርኩ። አለቃዬ አልተቆጡኝም። ዝም ብለው ከደሞዜ ቆረጡት። ቁጣው ይሻለኝ ነበር። (ያ ቤት ዛሬ የለም። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ከነጠማማ መስኮቶቹ ሄደ።)

ከዚያ ወዲህ ወርዱን ሦስት ቦታ እለካለሁ፦ ላይ፣ መሃል፣ ታች። ቁመቱንም እንዲሁ። የምይዘው ትንሹን ነው። ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ፣ ሁለቱንም። ሰያፎቹ እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ ወልግዷል፤ ትክክለኛ አራት ማዕዘን ቆርጣችሁ ብትሄዱ አንዱ ጥግ እንቢ ይላችኋል።

ከትንሹም ላይ 3 ሚሊ ያህል ቀንሱ። ትልቅ መስታወት ከሆነ፣ ፍሬሙም ብረት ከሆነ ትንሽ ጨመር አድርጉ። ብረት ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል፣ በር ሲወረወር ይናጋል። መተንፈሻ ያጣ መስታወት በሌላ ሰበብ ሳይሆን በዚያው ይሰነጠቃል። ደንበኛው «ማንም ሳይነካው ተሰነጠቀ» ሲላችሁ ቶሎ ውሸት ነው አትበሉ። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ጥፋቱ የለካው ሰው ነው።

የሚለካው ዓይን የሚያየው ክፍተት አይደለም። መስታወቱ የሚያርፍበት እርከን ነው። አሮጌ የብረት መስኮት ከሆነ ደግሞ እርከኑ በደረቀ ስቱኮና በዝገት ተሞልቷል፤ ላዩ ላይ አራት አምስት ዙር ቀለም አለ። መጀመሪያ ፈልፍሉት። አቧራው ልብስ ያበላሻል፣ ጊዜም ይበላል፣ ግን ሳትፈለፍሉ የለካችሁት የስቱኮውን ልክ ነው። አልሙኒየም ሲሆን መስታወቱን የያዘውን ዘንግና ጎማ አውልቃችሁ እዩ።

ስለ ሜትራችሁም አንድ ነገር። ጫፉ ላይ ያለችው ቆርቆሮ ትንሽ ትወዛወዛለች። ተበላሸ ብሎ በመዶሻ ቀጥቅጦ ያጠበቃት ልጅ አውቃለሁ። መወዛወዟ የራሷን ውፍረት ለማካካስ ነው፤ ከውስጥ ስትለኩ ገፋ፣ ከውጭ ስትለኩ ወጣ ትላለች። ጫፉ ከተቆረጠ ሜትር ጋር ደግሞ አትታገሉ። ከ10 ሳንቲም ላይ ጀምሬ እቀንሳለሁ ያለ ሁሉ አንድ ቀን መቀነሱን ይረሳል። እኔም ረስቻለሁ። ጠባብ ቦታ ሜትሩ ጥግ ላይ ከታጠፈባችሁ ሁለት ቀጭን እንጨት ደራርባችሁ፣ ግራና ቀኝ እስኪነኩ አንሸራቷቸው፤ መጋጠሚያቸውን በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ውጡ።

በስልክ «60 በ80» የሚል ደንበኛ ሞልቷል። 60 ወርዱ ነው ቁመቱ? እሱም አያውቀውም። ሄዳችሁ ለኩ። ሁልጊዜ ወርድ ቀድማችሁ፣ በሚሊ ጻፉ። ውፍረቱንም ጠይቁ። አንድ ካሬ ሜትር መስታወት በእያንዳንዱ ሚሊ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 4 የነበረውን በር ባለ 6 አድርጉልኝ ሲባል በካሬ ከ10 ወደ 15 ኪሎ ነው፤ ያረጀ ማጠፊያ ካለው ንገሩት። ቴምፐርድ፣ ማለትም በሙቀት የጠነከረ መስታወት፣ ከሆነማ አንዴ ከተጋገረ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። እዚያ ላይ የተሳሳተ ልክ ተመልሶ አይስተካከልም፤ ሙሉውን እንደገና መግዛት ነው። የሱቅ በር ስትለኩ ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ሁለተኛውን የመጀመሪያውን ቁጥር ሳታዩ።

ወልጋዳ ፍሬም ካገኛችሁ መፍትሔው ካርቶን ነው። ከእርከኑ ጋር እያስማማችሁ ቅርጹን ቁረጡ። «ላይ» ብላችሁ ጻፉበት፣ «ውጭ» ብላችሁም። ንጹህ መስታወት ቢገለበጥም ይገባል፤ አበባ ያለው ግን ለስላሳ ፊቱ ወዴት እንደሚዞር ካልያዛችሁ ትቆጩበታላችሁ።

አንዴ አራት ኪሎ አንዲት እናት ቤት እንዲህ ያለ መስኮት ገጠመኝ።

«እማማ፣ መስኮትዎ አራቱም ጎኑ የተለያየ ነው» አልኳቸው።

«እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ ነበር። አንተ ሜትር ይዘህ ስትመጣ ጠመመ?» አሉኝ።

በካርቶን ልኩን ወስጄ በማግስቱ መስታወቱን አመጣሁ። ሲገባ ድምፅ እንኳ አላሰማም። እሳቸው ቡናውን እየቀዱ ቀና ብለው አዩትና፣ «ይኸው! ቀጥ አለ አይደል?» አሉ።