«ቦሮው ሚ» ወይስ «ሌንድ ሚ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራ ቦታ የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ሲል አጠገቤ ያለችውን ልጅ «ካን ዩ ቦሮው ሚ ዩር ቻርጀር» አልኳት። ሰጠችኝ። ግን ፈገግ ብላ «ሌንድ ነው የሚባለው» አለችኝ። ሁለቱም መዋስ አይደሉም እንዴ? አገር ቤት ተማሪ እያለሁም ይምታቱብኝ ነበር። እስቲ ያስረዱኝ።

መልስ፦ አንቺ ልበልሽና፣ ቻርጀሩን ካገኘሽ ዋናው ጉዳይ አልቋል። ልጅቷ ግን ልክ ናት። ቦሮው መዋስ ነው፤ ሌንድ ማዋስ። አንቺ ያልሻት ወደ አማርኛ ሲመለስ «ቻርጀርሽን ትዋሺኛለሽ?» ይሆናል። ጭራሽ ውሸት ውሸት ይላል።

«ልዋስሽ» ማለት ከፈለግሽ «ካን አይ ቦሮው ዩር ቻርጀር» በይ። «አውሺኝ» ከሆነ ሐሳብሽ «ካን ዩ ሌንድ ሚ ዩር ቻርጀር» ነው።

የሚያምታታን ከአማርኛ ይዘነው የመጣነው ልማድ ይመስለኛል። ተዋሰ፣ አዋሰ። ተበደረ፣ አበደረ። ተከራየ፣ አከራየ። ሥሩ አንድ ነው። ፊት ላይ ያለችው ፊደል ብቻ ማን ሰጪ፣ ማን ተቀባይ እንደሆነ ትነግረናለች። እንግሊዝኛ ይህቺ ፊደል የለችውም። ስለዚህ ለሰጪው አንድ ቃል፣ ለተቀባዩ ሌላ ቃል አቆመ። እኛ ደግሞ አንዱን እናጠናና ለሁለቱም እናውለዋለን።

ሲያጠራጥርሽ ዐረፍተ ነገሩን በልብሽ በአማርኛ በይው። «ከ» ከመጣ ቦሮው ነው፤ ከእሷ ተዋስኩ። «ለ» ከመጣ ሌንድ ነው፤ ለእሷ አዋስኩ። እኔ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ይህንኑ ነው።

ደግሞ አትፈሪ። ሚኒሶታና ዊስኮንሲን ብትሄጂ እዚያው ተወልደው ያደጉ ሰዎች «ቦሮው ሚ» ሲሉ ትሰሚያለሽ። በአካባቢው ብዙ ጀርመኖችና ስካንዲኔቪያውያን ሰፍረው ስለነበር ከእነሱ ቋንቋ የመጣ ነው ይባላል። ጀርመንኛ «ቦርገን» በሚል አንድ ቃል መዋስንም ማዋስንም ይላል። ፈተና ላይና መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ግን ይህ አያስኬድም።

«ሎን» የሚባልም አለ። አሜሪካኖች እንደ ግስ ይጠቀሙበታል፤ «ሎን ሚ» ማለት «ሌንድ ሚ» ነው። ብዙ እንግሊዞች ግን «ሎን» ስም ሆኖ ቢቀር ይመርጣሉ። «እጅሽን አበድሪኝ» ዓይነት አነጋገር ላይ፣ ማለትም አግዢኝ ለማለት፣ በሁለቱም አገር የሚሠራው «ሌንድ» ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ ቻርጀርም፣ ብርም፣ ስኳርም «ቦሮው» ይደረጋል። እኛ ጋ አይሆንም። እናትሽ ጎረቤት ስትልክሽ «ወንፊት አውሺኝ በያት» ትልሻለች። እንጀራ ሲያልቅ ግን «ሦስት እንጀራ አበድሪኝ በያት» ነው የምትለው። ወንፊቱ ራሱ ይመለሳል። እንጀራው ግን ተበልቷል፤ የሚመለሰው አምሳያው ነው። ዛሬ ከተማ ውስጥ «መቶ ብር አውሰኝ» የሚል ሞልቷል። እኔ ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። ያንኑ ኖት ሊመልስ ነው?

ይህ ልዩነት ከወጥ ቤት አልፎ ይሄዳል። ደግ የዋለልንን ሰው «ብድር መላሽ ያድርገኝ» እንላለን። የተበደለም ሲዝት «ብድሬን እመልሳለሁ» ይላል። «ውሰቴን እመልሳለሁ» የሚል ግን የለም። የተቀበልሽውን ጥፊ ራሱን መልሰሽ ማስረከብ አትችይም፤ የምትመልሽው ሌላ ጥፊ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም መገልገያ ዕቃ መዋስን እና ገንዘብ መበደርን ለየብቻ ነው የሚደነግጋቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሁለቱንም «ሎን» ብሎ ይጠራና፣ ለመለየት ሲፈልግ ማብራሪያ ቃል ይጨምርበታል።

«ቦሮው» ራሱ የተገኘው በጥንቱ እንግሊዝኛ ዋስ፣ መያዣ ማለት ከነበረ ቃል ነው። ዋስና ተዋሰ እኛም ጋ ጎን ለጎን መቆማቸውን ልብ በይልኝ።

ኪራይ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። «ሬንት» የተከራይም የአከራይም ነው። አንድ ሰው «አይ ሬንት አፓርትመንትስ» ቢልሽ ብዙ ቤት ያለው ይሁን ቤት የሌለው አታውቂም። አከራይ መሆኑን ለመለየት «ሬንት አውት» ይላሉ፤ እንግሊዞች «ሌት» ይላሉ። እዚህ ላይ የእኛ ተ እና አ ትበልጣለች።

ሌላ ጠያቂ ደግሞ በቅርቡ «ለምን የውሰት ቃል እንላለን?» ብሎኛል። በወንፊቱና በእንጀራው መለኪያ ከሄድን ውሰትም ብድርም አይደለም። «መኪና»ን ከጣሊያንኛ ወሰድን። አልመለስንም፤ አምሳያውንም አልሰጠን። ጣሊያኖቹም ቃላቸው አልጎደለባቸውም፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይሉታል።